ሥጋ ያጡና ሥጋ የተዉ፦ የዕፅዋት ፕሮቲን በዓለም ገበታ

ስለ ዕፅዋት ፕሮቲን ሲነሳ ብዙ ጊዜ የሚወራው በበርሊን ወይም በኒው ዮርክ ሱፐርማርኬቶች ስለተደረደረው፣ ሥጋ አስመስለው ስለሠሩት ምግብ ነው። የዓለም ገበታ ግን ሌላ ነው። የሰው ልጅ ከሚመገበው ፕሮቲን ከግማሽ የሚበልጠው ዛሬም የሚገኘው ከዕፅዋት ሲሆን፣ ትልቁን ድርሻ የሚይዙት ስንዴ፣ ሩዝና በቆሎ ናቸው፤ ባቄላው፣ ምስሩ፣ ሽምብራውና አኩሪ አተሩ ከእነሱ ጎን ሆነው የጎደለውን ይሞላሉ። የዚህ ፕሮቲን ዋነኛ ተመጋቢዎች በቡሩንዲ ኮረብታዎች ቦሎቄ ቀቅለው የሚያድሩ ገበሬዎች፣ በካይሮ መንገድ ዳር ቆመው ፉል የሚበሉ የቀን ሠራተኞች፣ በጃቫ መንደሮች ከሩዛቸው ጋር ቴምፔ የሚያቀርቡ ቤተሰቦች፣ ሽሮ ከምድጃቸው የማይወርድ የእኛው ሀገር ሰዎች ናቸው።

ተመጋቢውን በጥቅሉ ለሦስት መክፈል ይቻላል። ሥጋ መግዛት ስላልቻለ ጥራጥሬ የሚበላ አለ። እምነቱ ወይም ወጉ ስላዘዘው የሚበላ አለ። እየቻለ ለጤናው፣ ለእንስሳቱ ወይም ለአየር ንብረቱ አስቦ ሥጋን የተወም አለ። በቁጥር ሲታዩ የመጨረሻዎቹ ከሁሉም ያንሳሉ፤ የኢንቨስትመንቱ ገንዘብ፣ የጋዜጣው አምድና የጉባኤው ንግግር ግን በአብዛኛው የሚዞረው በእነሱ ዙሪያ ነው። በዚህ መሐል የመጀመሪያዎቹ፣ ጥራጥሬን ከረሃብ መከላከያ አድርገው የኖሩት፣ ምስሩም ባቄላውም እየተወደደባቸው ነው። ይህን ዳሰሳ የጻፍኩት በዋናነት ስለ እነሱ ነው። የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ገቢ ሲያድግ

ጀርመናዊው የስታቲስቲክስ ባለሙያ ኤርንስት ኤንግል የቤተሰብ ገቢ ሲጨምር ለምግብ የሚውለው ድርሻ እንደሚቀንስ በ1857 አሳይቶ ነበር። አሜሪካዊው ሜሪል ቤኔት ደግሞ በ1941 አንድ እርምጃ ሄዶ፣ ሰው ገቢው በጨመረ ቁጥር ከእህልና ከሥራ ሥር እየራቀ ወደ ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላልና ዘይት እንደሚሸጋገር ጻፈ። ከዚያ ወዲህ ይህን አካሄድ የሳቱ ሀገሮች ጥቂት ናቸው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ አንድ ቻይናዊ በዓመት በአማካይ የሚደርሰው ሥጋ ከ5 ኪሎ በታች ነበር፤ ዛሬ 60 ኪሎ ገደማ ነው። በዓለም ደረጃ በ1961 ወደ 70 ሚሊዮን ቶን የነበረው የሥጋ ምርት አሁን ከ350 ሚሊዮን ቶን አልፏል።

ይህን የምግብ ፍላጎት ለውጥ ብቻ አድርጎ ማየት ስህተት ይመስለኛል። ዋጋውም ራሱ ተለውጧል። የአንድ ሄክታር ስንዴ አማካይ የዓለም ምርት በ1961 ከ11 ኩንታል ብዙም አይበልጥም ነበር፤ ዛሬ 35 ኩንታል ገደማ ደርሷል። የጥራጥሬ ምርት በዚሁ ጊዜ ከ6 ኩንታል ተነስቶ 10 ኩንታል አካባቢ ላይ ቆሟል። የምርምር ገንዘቡ፣ ማዳበሪያውና መስኖው ወደ ስንዴ፣ ሩዝና በቆሎ ሲሄድ ጥራጥሬ ዝናብ ጠባቂ በሆነው፣ ለም ባልሆነው መሬት ላይ ቀረ። ዶሮም በፋብሪካ ሥርዓት እየረባ ከጊዜ ወደ ጊዜ ረከሰ። የድሃውን ሳንቲም ከባቄላ ጋር የሚሻማው የበሬ ሥጋ ሳይሆን ይህ ርካሽ ዶሮ ነው። ገቢው ትንሽ ከፍ ያለ የከተማ ቤተሰብ ወደ ዶሮ ሲያዘነብል ማኅበራዊ ክብሩም አብሮ ያዘነብላል፤ በብዙ ሀገር ባቄላ የድሃ ሥጋ ተብሎ ስለሚጠራ እንግዳ ሲመጣ ከማዕዱ ይሸሸጋል።

ወደ መኖ የሄደው ፕሮቲን

አኩሪ አተር ከጥራጥሬ ሁሉ በፕሮቲን የበለጸገ ነው፤ ከክብደቱ ሲሶ የሚበልጠው ፕሮቲን ነው። ሆኖም በዓለም ከሚመረተው አኩሪ አተር ሦስት አራተኛ ያህሉ የሚሄደው ለዶሮ፣ ለአሳማና ለከብት መኖ ነው። ቶፉ፣ ቴምፔ፣ የአኩሪ አተር ወተትና የመሳሰለው ተደምሮ ሰው በቀጥታ የሚበላው ከመቶ አሥር እጅ እንኳ አይሞላም።

ይህ የሆነው በገበያው ፈቃድ ብቻ አይደለም። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የዲሎን ዙር በተባለው የንግድ ድርድር የያኔው የአውሮፓ ኢኮኖሚ ማኅበረሰብ የቅባት እህሎችና አኩሪ አተር ያለ ቀረጥ እንዲገቡ ተስማማ። የአሜሪካ አኩሪ አተር ወደ አውሮፓ የከብትና የአሳማ ማድለቢያ ጎረፈ፤ የአውሮፓ ገበሬም ለመኖ ሲል ይዘራቸው የነበሩትን ባቄላና አተር መተዉ አዋጭ ሆነለት። በሰኔ 1973 ደግሞ የፕሬዚዳንት ኒክሰን መንግሥት የሀገር ውስጥ ዋጋ ስላሻቀበ አኩሪ አተር ወደ ውጭ እንዳይላክ አገደ። እገዳው የቆየው ለአጭር ጊዜ ቢሆንም፣ ቶፉዋንና ሚሶዋን በአሜሪካ አኩሪ አተር ትሠራ የነበረችው ጃፓን ክፉኛ ደነገጠች። ከዚያ በኋላ ጃፓን ገንዘቧንና ባለሙያዎቿን ይዛ ወደ ብራዚል ሄደች፤ ሴራዶ የሚባለው አሲዳማ የሣር ምድር በኖራ እየታከመ ወደ አኩሪ አተር እርሻ ተለወጠ። ዛሬ ብራዚል የዓለም ቀዳሚ አምራች ናት። ዋናዋ ደንበኛዋ ቻይና ስትሆን፣ ቻይና በ2020 ከ100 ሚሊዮን ቶን በላይ አኩሪ አተር አስገብታለች፤ ለምግብነት የሚውለውን ቶፉ በብዛት የምትሠራው ግን በገዛ ማሳዋ ከሚበቅለው ነው፤ ከውጭ የሚገባው ዘይቱ ተጨምቆ ወጥቶ ፋጉሎው ለአሳማ ይቀርባል።

የዚህን ገበያ ጫና በቅርብ ማየት የፈለገ ኢንዶኔዥያ መሄድ አለበት። ቴምፔ የጃቫ ሰዎች የፈለሰፉት ምግብ ነው። አኩሪ አተሩ ይዘፈዘፋል፣ ይቀቀላል፣ ገለባው ይገፈፋል፤ ውኃው ከጠፈፈ በኋላ ራጊ የሚባል የሻጋታ እርሾ ይነሰነስበታል። በሙዝ ቅጠል ወይም በተበሳሳ ፕላስቲክ ተጠቅልሎ ሙቀት ባለው ክፍል ሲያድር ነጩ ሻጋታ ፍሬዎቹን እርስ በርስ አስሮ በሁለት ቀን ውስጥ የሚቆረጥ ጥፍጥፍ ያደርጋቸዋል። ሥራው በአብዛኛው በጓሮ የሚካሄድ የቤተሰብ ሥራ ነው፤ ካፒታሉ በርሜል፣ ድስትና የጥቂት ቀን አኩሪ አተር መግዣ ነው። አኩሪ አተሩ ግን የጃቫ አይደለም። አብዛኛው ከውጭ፣ በተለይም ከአሜሪካ የሚመጣ ስለሆነ፣ በአዮዋ ዝናብ ሲቀር ወይም ዶላር ሲጠነክር ወሬው በማግስቱ የጃካርታ ጓሮዎች ይደርሳል። እስከ 1998 ድረስ ቡሎግ የሚባለው የመንግሥት ድርጅት ማስመጣቱን በብቸኝነት ይዞ ዋጋውን ያረጋጋ ነበር፤ ከእስያ የገንዘብ ቀውስ በኋላ ከዓለም የገንዘብ ድርጅት ጋር በተደረገው ስምምነት ገበያው ተከፈተ።

በጥር 2008 የአኩሪ አተሩ ዋጋ በአንድ ዓመት ውስጥ እጥፍ ገደማ ሲሆን በሺዎች የሚቆጠሩ የቴምፔና የቶፉ ሠሪዎች በጃካርታ ሰልፍ ወጡ። በ2012፣ በ2021 እና በ2022ም ለቀናት ሥራ አቁመው ከገበያው ቴምፔ ጠፋ። ከአድማው ይልቅ የሚያሳዝነኝ አድማ በሌለበት ጊዜ የሚሆነው ነው። ደንበኛው ዋጋ ሲጨመር ስለሚሸሽ ሠሪው ዋጋውን ትቶ ጥፍጥፉን ያሳንሳል፣ ያሳሳል። ቤተሰቡ ያንኑ ገንዘብ ከፍሎ ያንኑ ቁራጭ ገዛሁ ይላል፤ ልጆቹ የሚያገኙት ፕሮቲን ግን ቀንሷል፤ ይህ ቅነሳ ደግሞ በየትኛውም የዋጋ ንረት ሪፖርት ላይ በቀላሉ አይታይም። የቴምፔ መሳሳት በ2018 የምርጫ ቅስቀሳ መነጋገሪያ እስከ መሆን ደርሷል። ከዚያ ቀደም ባሉት ዘመናት ግን ፕሬዚዳንት ሱካርኖ ሕዝቡን የቴምፔ ሕዝብ አትሁኑ እያሉ ይገሥጹ ነበር፤ የድሃ ምግብ መሆኑ የደካማነት ምልክት ተደርጎ ተወስዶ ነበርና።

የህንድ ዳል

ህንድ ለሥጋ መስፋፋት ያልተንበረከከች ሀገር ተብላ ትጠቀሳለች። ፒው የተባለው የጥናት ማዕከል በ2021 ባወጣው ሰፊ ጥናት 39 በመቶ የሚሆኑት ህንዳውያን አዋቂዎች ሥጋ አንበላም ብለዋል፤ እነሱን ጨምሮ 81 በመቶዎቹ በቀን፣ በዓይነት ወይም በሌላ መንገድ ራሳቸውን ከሥጋ ይገድባሉ። ሀገሪቱ የዓለም ትልቋ የጥራጥሬ አምራችም፣ ተመጋቢም፣ ገዢም ናት። ይህ ሁሉ ሆኖ ግን በህንድ ለአንድ ሰው በቀን የሚደርሰው ጥራጥሬ በ1951 ከነበረበት 60 ግራም ገደማ ወርዶ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ከ35 ግራም አይበልጥም ነበር። በዚያ መሐል አብዛኛው ህንዳዊ ወደ ሥጋ አልሄደም፤ ዳል የሚባለው የክክ ወጡ ነው የቀጠነበት።

ምክንያቱ አረንጓዴ አብዮት ከሚባለው የ1960ዎቹ መጨረሻ የግብርና ለውጥ ጋር የተያያዘ ነው። መንግሥት አዲሱን የስንዴና የሩዝ ዘር አሰራጨ፣ መስኖና ማዳበሪያ ደጎመ፣ ከሁሉም በላይ ምርቱን በተወሰነ ዋጋ እገዛለሁ ብሎ ቃሉን ጠበቀ። ለጥራጥሬም ዝቅተኛ የድጋፍ ዋጋ በየዓመቱ ይታወጅ ነበር፤ ግዢው ግን በአብዛኛው ስንዴና ሩዝ ላይ ቀረ። የፑንጃብ ገበሬ አስልቶ ሽምብራውን ተወ። ጥራጥሬ ወደ ማድያ ፕራዴሽ፣ ራጃስታንና ማሃራሽትራ ዝናብ ጠባቂ ማሳዎች ተገፋ። ለውጡ ረሃብን ያስቀረ ታላቅ ሥራ መሆኑን ማንም አይክድም፤ ግን የድሃውን ሆድ በካሎሪ ሞልቶ ፕሮቲኑን አስወደደበት።

ውጤቱ በ2015 ጎልቶ ወጣ። ሁለት ዓመት በተከታታይ ዝናብ አጥሮ ነበርና ቱር የሚባለው የርግብ አተር ክክ በጥቅምት ወር ኪሎው 200 ሩፒ አካባቢ ደረሰ። መንግሥት መጋዘን እያሰበረ የተከማቸ ክክ አወጣ፤ ከሞዛምቢክ ጋር የግዢ ስምምነት ተፈራረመ። ገበሬው በዋጋው ተስቦ በብዛት ሲዘራና ዝናቡም ሲመለስ በቀጣዩ ዓመት ምርቱ ተትረፈረፈ፤ ዋጋው ከመንግሥት የድጋፍ ዋጋ በታች ወደቀ። ያኔ መንግሥት ፊቱን አዙሮ በ2017 መጨረሻ በአተር ላይ 50 በመቶ፣ በምስርና በሽምብራ ላይ 30 በመቶ የገቢ ቀረጥ ጣለ። የካናዳዋ ሳስካቸዋን ምስርና አተር አምራቾች ትልቁን ገበያቸውን በአንድ ጊዜ አጡ፤ ለህንድ ብለው የርግብ አተር የዘሩ የታንዛኒያ ገበሬዎችም ዋጋው ሲወድቅ ምርታቸው እጃቸው ላይ ቀረ። በታኅሣሥ 2023 ደግሞ ያው መንግሥት ቢጫ አተር ያለ ቀረጥ እንዲገባ ፈቀደ። የህንድን የምግብ ፖሊሲ የሚከታተል ሰው የዴልሂን ሸማች፣ የማሃራሽትራን ገበሬና የሳስካቸዋንን ላኪ በአንድ ጊዜ ማስደሰት እንዴት ከባድ እንደሆነ ይረዳል።

ማኅበራዊው ጉዳይ ከዚህም ይወሳሰባል። ሥጋ አለመብላት በህንድ የንጽሕና ብቻ ሳይሆን የካስት፣ ማለትም በውልደት የሚወረስ የማኅበራዊ ደረጃ፣ መለያም ነው። የታችኛው ካስት፣ ሙስሊሙ፣ ክርስቲያኑና የደን ነዋሪው ማኅበረሰብ ሥጋና እንቁላል ሲያገኝ ይበላል። ሆኖም ማድያ ፕራዴሽ በ2015 ለሕፃናት ማቆያዎች እንቁላል እንዲቀርብ የቀረበውን ሐሳብ በሃይማኖትና በባህል ስም ውድቅ አደረገች፤ በካርናታካም እንቁላል ወደ ትምህርት ቤት ምግብ ሲገባ ብርቱ ተቃውሞ ገጥሞታል። ምግቡን የሚጠብቁት ልጆች በአብዛኛው የድሆች ልጆች ናቸው። የዕፅዋት ምግብ በራስ ምርጫ ሲሆንና ሌላው ሲጭንብህ አንድ አይደለም።

ማገዶ፣ ነቀዝና ጊዜ

የጥራጥሬ ዋጋ በገበያ የሚጠየቀው ብቻ አይደለም። ደረቅ ቦሎቄ ለመብሰል ሁለት ሦስት ሰዓት ይፈጃል፤ የቆየ ከሆነ ደግሞ ከዚያም በላይ። በከሰል ወይም በሲሊንደር ጋዝ የምታበስል የከተማ እናት ከባቄላው ዋጋ ላይ የእሳቱን ትደምራለች። በሩዋንዳና በቡሩንዲ ቦሎቄ የዕለት ምግብ ነው፤ በነፍስ ወከፍ ሲታይ በዓለም ከፍተኛ ከሚባሉት ተርታ ይሰለፋሉ። መሬቱ ጠባብ ስለሆነ በእንጨት ላይ እየተጠመጠመ ወደ ላይ የሚያድገውን፣ ምርቱ ከድንክዬው እጅግ የሚበልጠውን ዝርያ ይተክላሉ፤ ብረት የበዛባቸው አዳዲስ ዝርያዎችም ከ2010 ወዲህ ተሰራጭተዋል። እዚያም ቢሆን ማገዶ ሲጠፋ ወይም ሲወደድ በቀን ሁለቴ ይሠራ የነበረው አንዴ ይሆናል።

በብራዚል ሩዝና ቦሎቄ የሀገሩ መለያ ሆኖ ሳለ፣ የመንግሥት የቤተሰብ ወጪ ጥናት እንደሚያሳየው በቤት የሚገዛው ቦሎቄ ከ2000ዎቹ መጀመሪያ እስከ 2018 በግማሽ ገደማ ቀንሷል። ሴቶች ደመወዝ ወዳለው ሥራ ሲወጡ፣ የመጓጓዣው ሰዓት ሲረዝም፣ የሚዘፈዘፍና የሚቀቀል ነገር ቦታውን ለታሸገ ፈጣን ምግብ ይለቃል። የብራዚል ጤና ሚኒስቴር በ2014 ያወጣው የአመጋገብ መመሪያ በቤት የተሠራ ሩዝና ቦሎቄን ከታሸገው ምግብ አስቀድሞ መምከሩ ለዚህ መልስ ነው። ምግብ ማብሰልን ለሚስት ብቻ የተተወ ሥራ አድርጎ ማየት እንዲቀርም ይመክራል፤ በመንግሥት የአመጋገብ ሰነድ ውስጥ እንዲህ ያለ ቃል ማየት ብርቅ ነው፣ ልክም ነው።

በምዕራብ አፍሪካ ደግሞ ጠላቱ ነቀዝ ነው። ናይጄሪያና ኒጀር በብዛት የሚያመርቱት፣ ዐይኑ ጥቁር የሆነው ባቄላ ጎተራ በገባ በጥቂት ወራት ይበሳሳል። ገበሬው ይህን ስለሚያውቅ ዋጋ በወደቀበት የአዝመራ ሰሞን ይሸጣል፤ ክረምት ሲገባ ራሱ የሸጠውን በእጥፍ ይገዛል። የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ1980ዎቹ መጨረሻ ካሜሩን ውስጥ የጀመሩት ሥራ ያስገኘው መፍትሔ እጅግ ቀላል ነው፤ ሁለት የፕላስቲክ ሽፋን ከውስጥ፣ አንድ ማዳበሪያ ከረጢት ከውጭ፣ ሦስቱም ለየብቻ ይታሰራሉ፤ ውስጥ ያለው ነቀዝ አየር አጥቶ ይሞታል፤ መድኃኒት መርጨት አያስፈልግም። ከረጢቱ አሁን ኢትዮጵያን ጨምሮ በብዙ የአፍሪካ ሀገሮች ይሸጣል። ስለ ዕፅዋት ፕሮቲን ከተደረጉ ኢንቨስትመንቶች ሁሉ በትንሽ ገንዘብ ብዙ የሠራ የትኛው ነው ብባል ይህን እጠራለሁ።

በግብፅ ደግሞ እንቅፋቱ መሬትና አረም ነው። ግብፅ ፉሏን አብዛኛውን ከአውስትራሊያ፣ ከብሪታንያና ከሌሎች ሀገሮች ታስገባለች። በዓባይ ዳር መሬት ስንዴና የከብት መኖ ባቄላውን ስለተሻሙት፣ ሥሩን የሚመጥ ጥገኛ አረምም ስላዳከመው ነው። በመጋቢት 2022፣ የዩክሬን ጦርነት ከፈነዳ በኋላ፣ መንግሥት ወደ ውጭ እንዳይወጡ ካገዳቸው ምርቶች መካከል ስንዴ፣ ዱቄት፣ ምስርና ባቄላ ይገኙበታል።

የሀብታም ሀገር ገበያ

ቢዮንድ ሚት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በግንቦት 2019 አክሲዮኑን በ25 ዶላር ለሕዝብ ሲያቀርብ በመጀመሪያው ቀን ከ65 ዶላር በላይ ዘጋ፤ በዚያው ሐምሌ ከ230 ዶላር አለፈ። በ2023 መጨረሻ ከ10 ዶላር በታች ነበር። በአሜሪካ መደብሮች ከሚሸጠው ሥጋ ውስጥ የዕፅዋት ሥጋ ድርሻ አንድ በመቶ አካባቢ ነው። ብዙው ሰው አንዴ ቀምሶ አልተመለሰም፤ ጣዕሙ አልያዘውም፤ ዋጋው ከእውነተኛው ሥጋ ይበልጣል፤ የንጥረ ነገሩ ዝርዝር ረዝሞበታል።

ዋጋ ምን ያህል ወሳኝ እንደሆነ በጀርመን ታይቷል። ሊድል የተባለው የመደብር ሰንሰለት በጥቅምት 2023 የራሱን የዕፅዋት ምርቶች ከእንስሳቱ ጋር በአንድ ዋጋ ሲያደርጋቸው በጥቂት ወራት ውስጥ ሽያጩ ከ30 በመቶ በላይ እንዳደገ ገልጿል። የጀርመን ሕግ ግን አሁንም የላም ወተትን በ7 በመቶ፣ የአጃ ወተትን በ19 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ ያስከፍላል። የአውሮፓ ኅብረት የግብርና ድጎማም፣ መኖው ሲታሰብ፣ ከአምስት እጅ አራቱ ለእንስሳት ምርት እንደሚውል በ2024 የታተመ ጥናት አስልቷል። ሸማቹ በመደርደሪያው ፊት ሲቆም ውሳኔው የራሱ ብቻ እንዳልሆነ ይህ ያሳያል። በሌላ በኩል የጀርመን የሥጋ ፍጆታ በ2022 ወደ 52 ኪሎ ወርዶ፣ ስሌቱ ከተጀመረበት ከ1989 ወዲህ እስከዚያ ድረስ ዝቅተኛው ሆኖ ነበር፤ ዴንማርክም በ2023 የዕፅዋት ምግብን የሚመለከት ብሔራዊ የድርጊት መርሐ ግብር በማውጣት ከዓለም ቀዳሚ ሆናለች። ስለዚህ ለውጥ የለም ማለት አይቻልም፤ ለውጡ ያለው ሥጋ ከመጠን በላይ በሚበላበት ቦታ ነው፤ መሆን ያለበትም እዚያ ነው።

በ2020 ላንሴት ግሎባል ሄልዝ ላይ የወጣ ጥናት ለሰውም ለምድርም ይበጃል የተባለውን የአመጋገብ ዝርዝር በየሀገሩ ዋጋ ተምኖ ነበር። ቢያንስ ለ1.58 ቢሊዮን ሰዎች ወጪው ከነፍስ ወከፍ ገቢያቸው ይበልጣል። በዝርዝሩ ውስጥ ጥራጥሬና ለውዝ የወሰዱት የወጪ ድርሻ ከሥጋ፣ ከእንቁላልና ከዓሣ ድምር ድርሻ መብለጡ ብዙዎችን አስገርሟል። በቀጣዩ ዓመት የኦክስፎርድ ተመራማሪዎች ያወጡት ስሌት ደግሞ ያለ ሥጋ መመገብ በሀብታም ሀገሮች ወጪን እስከ ሲሶ እንደሚቀንስ፣ በድሃ ሀገሮች ግን ሰዎች አሁን ከሚበሉት የበለጠ እንደሚያስወጣ አሳይቷል። ለሎንዶን የሚሠራ ምክር ለሊሎንግዌ አይሠራም።

ፆም፣ ሽሮና የውጭ ምንዛሪ

ኢትዮጵያ በባቄላ ምርት ከቻይና ቀጥላ የምትጠራ፣ በሽምብራም ከአፍሪካ ቀዳሚ የሆነች ሀገር ናት። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመን ረቡዕና ዓርብን፣ የዐቢይ ጾምን 55 ቀናት፣ ፍልሰታን፣ የነቢያትንና የሐዋርያትን ጾም ሲጾም ከዓመቱ ከግማሽ ያላነሰውን ያለ ሥጋና ያለ ወተት ያሳልፋል። እዚህ የዕፅዋት ምግብ ውርደት አይደለም። ሀብታሙም ድሃውም በአንድ ቀን በያይነቱ ያዛል፤ የሥጋ ቤቱ በር ይዘጋል፤ ሆቴሉ የፆም ዝርዝሩን ያወጣል። ሥጋ የድሎት መለኪያ መሆኑ አልቀረም፤ በፋሲካና በመስቀል ቅርጫ የማይገባ አባወራ ይሸማቀቃል። ሆኖም ምስርና ሽሮ በድሃ ምግብነት ስም ብቻ እንዳይታወቁ ፆም ጠብቋቸዋል። በዋሽንግተንና በቴል አቪቭ ያሉ ሥጋ የማይበሉ የሌላ ሀገር ሰዎች የኢትዮጵያን ምግብ ቤት ሲያዘወትሩ የሚያገኙት ለእነሱ ተብሎ የተፈጠረ ሳይሆን በዚህ ሥርዓት ለዘመናት የተሞረደ ወጥ ነው።

ዋጋው ግን በፆም ብቻ አይወሰንም። ሽምብራ፣ ቦሎቄ፣ ማሾና ባቄላ ከቡናና ከሰሊጥ ጋር የውጭ ምንዛሪ ምንጮች ናቸው። የምንዛሪ እጥረቱ በበረታባቸው ዓመታት፣ ብር በሐምሌ 2024 በገበያ እንዲመራ ከመደረጉ በፊት፣ ዶላር የሚፈልገው ላኪ ሸቀጥ አስመጥቶ በሚያተርፈው ለማካካስ ሲል ጥራጥሬውን ከዓለም ዋጋ በላይ እንኳ ይገዛ ነበር። ያ ዋጋ ተመልሶ የሚያርፈው ሽሮ የምታስፈጭ እናት ላይ ነው። እህሉን ከገበያ ትገዛለች፣ ትቆላለች፣ ትከካለች፣ ከበርበሬው፣ ከነጭ ሽንኩርቱ፣ ከኮረሪማውና ከበሶብላው ጋር አሰናድታ ወፍጮ ቤት ትልካለች። ሽምብራና አተር ሲወደዱ ባቄላው ይበዛል፤ እሱም ሲወደድ ጓያ ይገባል። ጓያ ድርቅንም ውኃ የተኛበትን መሬትም የሚችል፣ ርካሽ እህል ነው፤ ለወራት ዋና ምግብ ሲሆን ግን እግርን እስከ ወዲያኛው ሽባ ያደርጋል። በ1970ዎቹ ደምቢያና አካባቢዋ ይህን አይተዋል። መርዙ የቀነሰ ዝርያ ለማግኘት የሚደረገው ምርምር ለድሆች ከሚሠሩ ሥራዎች ከፊተኞቹ የሚቆጠር ሆኖ ሳለ ገንዘብ የሚያገኘው በጭልፋ ነው።

ጥራጥሬና እህል አብረው ሲበሉ አንዱ የጎደለውን የአሚኖ አሲድ ዓይነት ሌላው ይሞላል፤ እንጀራ በሽሮ ለአዋቂ ሰው ጥሩ ምግብ ነው። ለሕፃን ግን አይበቃም። ትንሽ ሆዱ ብዙ ማስተናገድ አይችልም፤ ቢ12 የሚባለው ቫይታሚን ደግሞ በዕፅዋት ውስጥ የለም። ቤተ ክርስቲያን ከሰባት ዓመት በታች ያሉትን ልጆች ከፆም ነጻ አድርጋለች። በሀገራችን የተደረጉ ጥናቶች ደጋግመው ያገኙት ግን በፆም ወራት እነዚህ ልጆችም ወተትና እንቁላል እንደማይሰጣቸው ነው፤ እናት የፆሙን ዕቃ እንዳታስነካ ትፈራለች፣ ለቤቱ የሚሠራው ወጥ አንድ ነው፣ ጎረቤትም ያያል። በአንዳንድ አካባቢ የጤና ባለሙያዎች ካህናቱን ይዘው ለልጅ የተለየ ድስትና ማንኪያ እንዲያዝ ማስተማር ጀምረዋል፤ የካህኑ ቃል ከፖስተሩ ይልቅ ይሰማል። ከዚያ በኋላ የሚቀረው የገንዘብ ጉዳይ ነው። በብዙ የገጠር ቤት ዶሮዋ የጣለችው እንቁላል ለልጁ ሳይደርስ፣ ጨውና ሳሙና ለመግዣ ቅዳሜ ገበያ ይወጣል።